ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአምስቱ የመከራ ዓመታት

ቂርቆስና ካዛንቺስ ጎረቤት ሰፈሮች ናቸው። የመጀመሪያው ስሙን ያገኘው ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር በሰማዕትነት ካለፈው ሕፃን ከቅዱስ ቂርቆስ ነው። የሁለተኛው ስም አመጣጥ ግን ሌላ ነው። በፋሺስት ወረራ ዘመን ለኢጣሊያ መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት የሚሠራ ኢንቺስ የሚባል ድርጅት ነበረ። ድርጅቱ በአዲስ አበባ ያሠራቸው ቤቶች በቋንቋቸው ካዛ ኢንቺስ ተባሉ፤ ሕዝቡም ቃሉን በራሱ አንደበት አለዝቦ ካዛንቺስ አለው። በ2017 ዓ.ም. በተካሄደው የኮሪደር ልማት ከካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቻቸውም ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። ስሙ ግን አሁንም በሰው አፍ አለ። ይህ ስም የያዘውን ታሪክ ለልጆቻችን ማስረዳት የወላጆችና የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች ድርሻ ስለሆነ፥ በዚህ እትም ያንን ዘመን በመሪነት የተሸከሙትን ሰው ሕይወት በአጭሩ ልንተርክ ወደድን።

ስለ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአገራችን የሚነገረው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወገን ያለ ነቀፋ ያመሰግናቸዋል፤ ሌላው ያለ ምስጋና ይነቅፋቸዋል። የክርስቲያን ሚዛን ግን ከሁለቱም ይለያል። እኛ እዚህ የምንመለከተው በጦርነቱ ዘመን ያደረጓቸውን ከባድ ውሳኔዎችና የሕዝቡን ልብ ለማጽናት የደከሙትን ድካም ነው። ከውሳኔዎቹ መካከል ሁለቱ፥ ማለትም አገር ለቆ የመሄድና ለጠላት ይቅርታ የማድረግ ውሳኔዎች፥ እስከ ዛሬ ለሕሊናችን ጥያቄ ሆነው ይኖራሉ።

ልደትና ትምህርት

ተፈሪ መኰንን በሐረርጌ ኤጀርሳ ጎሮ በተባለ ስፍራ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ራስ መኰንን በዓድዋ ጦርነት ከታወቁት የጦር አለቆች አንዱ ነበሩ። ልጁ ገና ሕፃን ሳሉ እናታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት ዐረፉ፤ በ1898 ዓ.ም. ደግሞ አባታቸውን በሞት አጡ።

ለእኛ ለካቶሊካውያን ልዩ ትርጉም ያለው ነገር የትምህርታቸው ታሪክ ነው። በሐረር የካፑቺን ማኅበር ሚሲዮናዊና ጳጳስ የነበሩት ሞንሲኞር እንድርያስ ዣሮሶ የራስ መኰንን ወዳጅ ነበሩ፤ የልጁንም ትምህርት በቅርብ ይከታተሉ ነበር። የእርሳቸው ደቀ መዝሙር የነበሩት አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ለተፈሪ መምህር ሆኑ። የፈረንሳይኛ ቋንቋን ከዚህ ምንጭ ቀዱ። በ1907 ዓ.ም. በሐሮማያ ሐይቅ ላይ ጀልባ በተገለበጠ ጊዜ ተፈሪ ከሞት ሲተርፉ መምህራቸው አባ ሳሙኤል ግን በዚያው ሰጥመው ቀሩ። ንጉሠ ነገሥቱ እኒህን መምህር ከልባቸው አላወጧቸውም፤ በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸውም ውስጥ ስማቸውን በፍቅር ያነሣሉ።

ተፈሪ በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽና እንደራሴ፥ በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ፥ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል እንድትሆን የደከሙትም እርሳቸው ነበሩ። ትንሽ አገር በሕግና በቃል ኪዳን ተጠልላ ትኖራለች ብለው ያምኑ ነበር። ይህ እምነት በኋላ ምን ያህል እንደተፈተነ እናያለን።

የትዕግሥት ውሳኔ

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን ወልወል ላይ ግጭት ተነሣ። ሙሶሊኒ ለዓድዋ ሽንፈት ብድር ለመመለስና ቅኝ ግዛት ለማስፋት ሰበብ ይፈልግ ስለነበር፥ ይህን ግጭት እንደ ምክንያት ያዘው። ንጉሠ ነገሥቱ ጉዳዩን ወደ መንግሥታት ማኅበር አቀረቡ። በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ላይም ሠራዊታቸው ከወሰኑ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ እንዲርቅ አዘዙ። ይህ ትእዛዝ ለብዙ ጦረኞች የሚዋጥ አልነበረም፤ ጠላት እየቀረበ ማፈግፈግ በአባቶቻቸው ዘንድ ያልተለመደ ነበርና። የንጉሠ ነገሥቱ አሳብ ግን ኢትዮጵያ ጠብ ጫሪ ናት የሚል ክስ እንዳይነሣባትና ዓለም በዳዩን በግልጽ እንዲያይ ነበር።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር ጦርነት ሳያውጅ መረብን ተሻገረ። በዚያው ቀን በአዲስ አበባ የክተት ነጋሪት ተጎሰመ። ከየአውራጃው የዘመተው ገበሬ ስንቁን በአህያና በበቅሎ ጭኖ፥ ብዙው አሮጌ ጠመንጃ፥ አንዳንዱም ጦርና ጋሻ ይዞ በዋና ከተማው በኩል አለፈ። የመንግሥታት ማኅበር ኢጣሊያ አጥቂ መሆንዋን ፈርዶ የንግድ ማዕቀብ ጣለ፤ ነገር ግን የጦር መኪናና አውሮፕላን የሚያንቀሳቅሰውን ነዳጅ ከማዕቀቡ ውጭ ተወው።

ከሠራዊቱ ጋር

ንጉሠ ነገሥቱ በኅዳር ወር ዋና ሰፈራቸውን ወደ ደሴ አዛወሩ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ የወልወል ግጭት ልክ ዓመት በሞላበት ዕለት፥ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ቤቶች ተቃጠሉ፤ ሰላማዊ ሰዎች ሞቱ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልም ከድብደባው አልዳነም። በዚያ ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በአውሮፕላን መቃወሚያ መትረየስ ላይ ራሳቸው ተቀምጠው ተኮሱ። ይህን የሚያሳየው ፎቶግራፍ በዓለም ጋዜጦች ወጣ። አንድ መትረየስ የጦርነቱን ውጤት አይለውጥም፤ ነገር ግን መሪያቸው በዋሻ ተሸሽጎ እንዳልዋለ ያየ ወታደርና የከተማ ሰው በልቡ ጸና።

ከታኅሣሥ ወር ጀምሮ ጠላት የመርዝ ጋዝ መጠቀም ጀመረ። ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1925 በጄኔቭ በተፈረመ ውል የተከለከለ ሲሆን ኢጣሊያም ከፈራሚዎቹ አንዷ ነበረች። ከሰማይ የሚወርደው መርዝ የወታደሩን ቆዳ ላጠ፤ ዓይኑን አጠፋ፤ የሚጠጣውን ውኃና የከብቱን ሣር በከለ። ጀግንነት ብቻውን የማይመክተው ነገር መጣ። በእንደርታ የተሰለፈው የራስ ሙሉጌታ ጦር ተፈታ፤ ሽማግሌው ራስም በመንገድ ሞቱ። በተምቤንና በሽሬም የነበሩት ጦሮች ተራ በተራ ተሸነፉ።

የቀረው የንጉሠ ነገሥቱ የራሳቸው ጦር ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ከማለዳ እስከ ማታ ተዋጉ። የክብር ዘበኛው ወታደር በምሽግ ላይ እየደጋገመ ወጣ፤ ነገር ግን ምሽጉን ማስለቀቅ አልተቻለም። ከዚያም በአሸንጌ ሐይቅ ዳርቻ የሚያፈገፍገው ሠራዊት በቦምብና በመርዝ ተጨፈጨፈ።

በዚያ ሽንፈት መካከል ንጉሠ ነገሥቱ መንገዳቸውን ወደ ላሊበላ አቀኑ፤ በዚያም በጸሎት ቆዩ። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ጠላት እየገፋ ሳለ ቀናት ማባከን ነበር ብለው ይነቅፏቸዋል። እኛ ካህናት ግን ይህን ነቀፋ ለመቀበል እንቸገራለን። ከፊታቸው የሚጠብቃቸው ውሳኔ በሰው ምክር ብቻ የሚቆረጥ አልነበረም። ሠራዊቱን ያጣ መሪ በእግዚአብሔር ፊት መንበርከኩ ድካሙን ማወቁ ነው፤ ድካሙን የማያውቅ መሪ ደግሞ ለሕዝቡ ከጠላት ይልቅ አደገኛ ሊሆን ይችላል።

የመሄድ ውሳኔ

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ወዲያው መኳንንቱና አማካሪዎቹ ተሰበሰቡ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ እዚሁ ተዋግቶ መሞት ይሻላል ወይስ ወደ ውጭ ወጥቶ የአገሪቱን ጉዳይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ማቅረብ?

ለመቅረት የሚነሣው ምክንያት ከባድ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ፥ አፄ ዮሐንስ በመተማ ወድቀዋል፤ አፄ ምኒልክ በዓድዋ ከሠራዊታቸው ጋር ተሰልፈዋል። የኢትዮጵያ ንጉሥ ከጠላት ፊት ሸሽቶ ባሕር ተሻገረ የሚል ታሪክ አልነበረም። እረኛው ሲሄድ መንጋው ይበተናል፤ የሕዝቡም ልብ ይሰበራል። እንደ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ያሉ ሰዎች ይህን አሳብ በብርቱ ተከራከሩ።

ለመሄድ የሚነሣው ምክንያትም ቀላል አልነበረም። የተደራጀ ጦር አልቀረም። ንጉሠ ነገሥቱ ቢሞቱ ወይም ቢማረኩ በሕግ ኢትዮጵያን ወክሎ በዓለም ፊት የሚናገር አይኖርም፤ ጠላትም አገሪቱ ባለቤት የላትም ለማለት ይመቸዋል። ከተማይቱን እንደ ጦር ሜዳ መያዝ ደግሞ ሴቶችንና ሕፃናትን ለመርዝ ማጋለጥ ነበር። የጉባኤው አብላጫ ክፍል መሄዱን ደገፈ። የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ጎሬ እንዲዛወርና ራስ እምሩ እንደራሴ ሆነው ትግሉን እንዲቀጥሉ ተወሰነ።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በምድር ባቡሩ መስመር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። የዚህ መስመር ዋና ጣቢያ የነበረው ለገሃር ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ይገኛል። እርሳቸው ከሄዱ በኋላ ሕግ የሚያስከብር በመጥፋቱ በአዲስ አበባ ዘረፋና ቃጠሎ ሆነ፤ ብዙ ሰዎችም ሞቱ። ሚያዝያ 27 ቀን የማርሻል ባዶሊዮ ጦር ከተማዋን ያዘ። በጎሬ የታሰበው መንግሥትም ብዙ አልቆየም፤ ራስ እምሩ በ1929 ዓ.ም. ተማርከው ወደ ኢጣሊያ ተወሰዱ።

ይህ ውሳኔ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም? እንደ ካህን ስንመለከተው ሁለቱም ወገኖች አገራቸውን ከመውደድ ይናገሩ እንደነበር እናያለን። ሰው ሁሉንም መልካም ነገር በአንድ ጊዜ ሊፈጽም በማይችልበት ሰዓት የሚያደርገው ምርጫ ምን ጊዜም ቁስል ይተዋል። የንጉሠ ነገሥቱ ውሳኔ የሚመዘነው በሄዱበት ዕለት ብቻ ሳይሆን ከሄዱ በኋላ በሠሩት ሥራም ጭምር ነው። ለራሳቸው ደኅንነት የሄዱ ቢሆን በምቾት ዝም ብለው በተቀመጡ ነበር።

በጄኔቭና በስደት

ንጉሠ ነገሥቱ ከጅቡቲ በእንግሊዝ መርከብ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በቅዱሳት መካናት ጸለዩ። ከዚያም ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው፥ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ሸንጎ ፊት ቆሙ። ንግግር ሲጀምሩ የኢጣሊያ ጋዜጠኞች በፉጨትና በስድብ አዳራሹን አወኩ። እርሳቸው ግን ሁከተኞቹ እስኪወጡ ድረስ ቃል ሳይመልሱ በትዕግሥት ጠበቁ፤ ከዚያም ፈረንሳይኛ አሳምረው እያወቁ በአማርኛ ተናገሩ። በሕዝባቸው ላይ የወረደውን መርዝ ዘረዘሩ። የተጣሰው የአንዲት አገር መብት ብቻ ሳይሆን ትንንሽ አገሮች ሁሉ የተማመኑበት ቃል ኪዳን እንደሆነ፥ ዛሬ ዝም ያሉ መንግሥታትም ነገ በተራቸው እንደሚጠየቁ አስጠነቀቁ።

በጊዜው ንግግሩ ፍሬ ያፈራ አልመሰለም። ማኅበሩ በሐምሌ ወር ማዕቀቡን አነሣ፤ መንግሥታትም አንድ በአንድ የኢጣሊያን ወረራ አጸደቁ። ሳይቀበሉት ከቀሩት ጥቂት አገሮች መካከል ሜክሲኮና ሶቪየት ኅብረት፥ አሜሪካም ይገኙበታል። ይሁን እንጂ አራት ዓመት ሳይሞላ የጦርነቱ እሳት ወደ አውሮፓ ተዛመተ፤ በጄኔቭ የተነገረውም ማስጠንቀቂያ እውነት ሆኖ ተገኘ።

የስደቱ ኑሮ በእንግሊዝ አገር ባዝ በምትባል ከተማ ነበር። ገንዘብ አጠረ፤ የብር ዕቃዎቻቸውን እስከ መሸጥ ደረሱ። ያስጠጋቸው የእንግሊዝ መንግሥት ራሱ በ1931 ዓ.ም. የኢጣሊያን ግዛት ዕውቅና ሰጠ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ለአርበኞች ደብዳቤ መጻፍን፥ በመንግሥታት ማኅበር መሟገትን፥ ለስደተኞች መጽናኛ መላክን አልተዉም። በ1931 ዓ.ም. ሎሬንሶ ትእዛዝ በምሥጢር ወደ ጎጃም ገብተው ከአርበኞች ጋር ተገናኙ፤ የንጉሠ ነገሥቱ ልብ ከእነርሱ ጋር መሆኑንም አስረዱ።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን እንናገር። በእነዚያ ዓመታት የሕዝቡን ልብ በመጀመሪያ ያጸኑት በአገር ውስጥ የቀሩት ነበሩ። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ሲሞቱ ለጠላት አልገዛም በማለታቸው ነበር፤ አቡነ ሚካኤልም በጎሬ ተገደሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ በሦስት ቀን ውስጥ የፈሰሰው ደም፥ በግንቦት ወርም በደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ላይ የደረሰው ግድያ ሕዝቡን ከማስፈራት ይልቅ ወደ ጫካ መራው። በሸዋ ራስ አበበ አረጋይ፥ በጎጃም በላይ ዘለቀ፥ በከተማ ውስጥ እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ ሴቶች የነፃነቱን እሳት ሳያጠፉ አቆዩት። መሪና ሕዝብ እርስ በርሳቸው ይጸናናሉ፤ አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም።

የንጉሠ ነገሥቱ ቤትም ከመከራው አልተለየም። የልዕልት ተናኘ ወርቅ ባል ራስ ደስታ ዳምጠውና የልዕልት ሮማነ ወርቅ ባል ደጃዝማች በየነ መርዕድ በ1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ተገደሉ። ልዕልት ሮማነ ወርቅ ራሳቸው ከልጆቻቸው ጋር ተማርከው ወደ ኢጣሊያ ተወሰዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1940 በቶሪኖ ከተማ ዐረፉ።

መመለስና ይቅርታ

በሰኔ 1932 ዓ.ም. ኢጣሊያ በሂትለር ጎን ተሰልፋ ወደ ዓለም ጦርነት ስትገባ የእንግሊዝ መንግሥት አሳብ ተለወጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ካርቱም መጡ። እዚያ ባንዲራችን የተባለ ጋዜጣ በአማርኛ ይታተም ጀመር፤ በንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም የወጡ አዋጆችም ከአውሮፕላን በአገር ውስጥ ይበተኑ ነበር። ለብዙ ዘመን የጠላት አውሮፕላን መርዝና ቦምብ ሲያወርድበት የኖረ ገበሬ ከሰማይ የንጉሡን ቃል ያዘለ ወረቀት ሲወርድለት ምን እንደተሰማው መገመት አያስቸግርም። ማንበብ የማይችለው ወደ ካህን ወይም ወደ ደብተራ እየወሰደ አስነበበ።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ተነሥተው ኦሜድላ ላይ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ አቆሙ። ከአርበኞችና ከጥቂት የእንግሊዝ መኮንኖች ጋር በጎጃም በረሃ አልፈው ደብረ ማርቆስ ገቡ። አዲስ አበባ በዚያው ሰሞን ከጠላት ብትለቀቅም የእንግሊዝ ጦር አለቆች መግባታቸውን አዘገዩት። ከምክንያቶቹም አንዱ በከተማዋ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ኢጣሊያውያን ሲቪሎች መኖራቸው ነበር፤ ንጉሡ ሲመለሱ ሕዝቡ በቀል ይወጣ ይሆናል ብለው ፈሩ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፥ ባዶሊዮ ከተማዋን ከያዘ ልክ በአምስት ዓመቱ፥ ንጉሠ ነገሥቱ በእንጦጦ በኩል አዲስ አበባ ገቡ። በዚያ ቀን ለሕዝቡ ያወጁት ቃል የታሪካቸው ትልቁ ነው ብንል አንሳሳትም። ደስታው በበቀል እንዳይረክስ፥ ክፋት በክፋት እንዳይመለስ፥ ጠላት የፈጸመውን የጭካኔ ሥራ ኢትዮጵያዊ እንዳይደግመው አዘዙ። የሁለት አማቾቻቸው ደም በጠላት እጅ ፈስሶ ሳለ፥ ልጃቸውም በባዕድ ምድር ከተቀበሩ ወራት አልፈው ሳለ የተነገረ ቃል ነው። የሚደንቀው ደግሞ ሕዝቡ መታዘዙ ነው። የካቲት 12ን ያየች ከተማ ያ ሁሉ ኢጣሊያዊ በመካከልዋ እያለ የተፈራውን እልቂት አላደረገችም። በካዛንቺስና በፖፖላሬ ለወራሪው ሠራተኞች በተሠሩት ቤቶች ደጃፍ ላይ ደም አልፈሰሰም ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ስለ በቀል ያስተማረውን ትምህርት አንድ ከተማ በሥራ ፈጸመችው።

ከድል በኋላ

የሰውን ሕይወት በምስጋናው ብቻ መዝጋት እውነትን መጉደል ነው። ለባዕድ ጠላት የተሰጠው ምሕረት በአገር ልጆች መካከል ሲደርስ አንዳንድ ጊዜ ጠበበ። ለጠላት ያደሩ ሰዎች ሹመት ሲያገኙ ያዩ አርበኞች አዘኑ። አምስት ዓመት ያልተሸነፉት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጡ። ስደቱን የተቃወሙት ብላታ ታከለም ከነፃነት በኋላ ብዙ ጊዜ ታስረዋል። በ1960ዎቹ አጋማሽ በወሎ ረሃብ ሲገባ መንግሥታቸው ችግሩን በጊዜው ለዓለም አልገለጠም። በጦርነት ጊዜ የሕዝቡን ጩኸት በጄኔቭ ያሰማ መሪ በእርጅናው ዘመን የረሃብተኛውን ጩኸት በሚገባ አልሰማም።

በ1948 ዓ.ም. ለዘውዱ 25ኛ ዓመት የተሠራው የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት፥ ዛሬ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት የምንለው፥ ከካዛንቺስ ብዙም አይርቅም። በአጠገቡ ባለው የአፍሪካ አዳራሽ በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ፤ በጄኔቭ ብቻቸውን የቆሙት ሰው በዚህ አዳራሽ ነፃ ለወጡ የአፍሪካ አገሮች አስተናጋጅ ሆኑ። ከዚያው ቤተ መንግሥት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በወታደሮች ታጅበው በትንሽ መኪና ተወሰዱ። ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. በእስር ላይ ሳሉ ሕይወታቸው አለፈ። አስከሬናቸው በ1984 ዓ.ም. ከተደበቀበት ከታላቁ ቤተ መንግሥት ወለል ሥር ተቆፍሮ ወጣ፤ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ዐረፈ።

ለእኛ ለካቶሊካውያን

ይህ ታሪክ ለካቶሊክ ምእመናን የራሱ ክብደት አለው። ወራሪው የመጣው ብዙ ሕዝቡ ካቶሊክ ከሆነ አገር ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1935 ለወረራ ብቻ የሚደረግ ጦርነት ግፍ እንደሚሆን በአደባባይ ተናግረው ነበር። ነገር ግን በኢጣሊያ ከነበሩ ጳጳሳትና ካህናት ብዙዎቹ ዘመቻውን ደገፉ፤ ለጦርነቱ የሚሰበሰበውን ወርቅም ባረኩ። የኢትዮጵያ ካቶሊካውያን በዚህ መካከል ነበሩ፤ ሀገራቸው ተወረረች፥ በእምነት ወንድማቸው የሆነው ደግሞ ጠመንጃ ይዞ መጣባቸው። የንጉሠ ነገሥቱ የልጅነት አሳዳጊ የነበሩት ሞንሲኞር እንድርያስም ኢጣሊያኖች ከሐረር እንዲወጡ ካደረጓቸው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1941 በፈረንሳይ አገር ዐረፉ።

ይህን ከልጆቻችን መሸሸግ አይገባም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ2000 በኢዮቤልዩ ዓመት የቤተ ክርስቲያን ልጆች በየዘመኑ ስለ ፈጸሙት በደል ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት ይቅርታ ሲለምኑ እንዲህ ያለውን ታሪክ ያለ ፍርሃት እንድንመለከት መንገድ ከፍተውልናል። ንጉሠ ነገሥቱም በ1963 ዓ.ም. ኢጣሊያን በይፋ ጎብኝተው በቫቲካን ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ጋር ተገናኝተዋል። በ1933 ዓ.ም. በአዋጅ የተዘራው ይቅርታ ከ30 ዓመት በኋላ ፍሬውን ያሳየበት ቀን ነበር።

የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች ይህን ታሪክ ለወጣቶች ሲያስተምሩ በሁለቱ ውሳኔዎች ላይ እንዲያወያዩ እንመክራለን። በመጀመሪያው ውሳኔ ላይ ወጣቶቹ ይለያዩ፤ መለያየታቸው አይጎዳም፤ አባቶቻቸውም ተለያይተውበታል። ነገር ግን ከእነርሱ የማይስማማውን በቅንነት መስማትን ይማሩ። በሁለተኛው ላይ ግን እያንዳንዱ ወደ ራሱ ይመለስ። ከሩቅ አገር የመጣን ጠላት ይቅር ማለት አንዳንድ ጊዜ ከቅርብ ወንድም ጋር ከመታረቅ ይቀላል። ንጉሠ ነገሥቱ የመጀመሪያውን በታላቅ ልብ ፈጸሙ፤ በሁለተኛው ግን ተሰናከሉ። በሀገራችን ወንድም ከወንድሙ ጋር ተዋግቶ ደም በተፋሰሰበት በእኛ ዘመንም ትልቁ ሥራ ይኸው ሁለተኛው ነው። በየቁምስናችንና በየቤታችን የምንጀምረው ዕርቅ ከዚህ የሚያንስ አይደለም። የሰላም አለቃ የሆነው ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ለመሪዎቻችን ጥበብን፥ ለእኛም ይቅር የሚል ልብን ይስጠን። አሜን።